ለማኅበራዊ ፖሊሲ የመመረቂያ ጽሑፍ የትኛው ዳታና ሶፍትዌር ይሻላል? ጥቆማ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዋን በማኅበራዊ ፖሊሲ ልትጨርስ ነው። «ርዕሴን መርጫለሁ፣ አሁን ምን ምን ሶፍትዌር ልጫን?» አለችኝ። ርዕሷ በግላቸው የሚሠሩ ሴቶች የጡረታ መዋጮ ጀምረው ለምን እንደሚያቋርጡ የሚመረምር ነው። «ዳታው የት እንዳለ አይተሻል?» አልኳት። አላየችም። እኔም በተማሪነቴ እንዲሁ ርዕስ ይዤ፣ የሌለ ቁጥር ስፈልግ ሁለት ወር አቃጥያለሁ። ስለዚህ ጥቆማዬ ከዳታ ይጀምራል።

የበለጸጉ አገሮችን ለማወዳደር የኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) የማኅበራዊ ወጪ መረጃ ቋት ጥሩ ነው። መንግሥታት ለጡረታ፣ ለጤና፣ ለቤተሰብና ለሥራ አጦች ያወጡትን ከእ.ኤ.አ. 1980 ጀምሮ በአንድ ዓይነት አመዳደብ ታገኙታላችሁ። ግን የሚነግራችሁ ስንት እንደወጣ ነው። ለማን እንደደረሰ አይነግራችሁም። «ብዙ ያወጣ አገር ድሃውን ረድቷል» ብላችሁ ከዚህ ብቻ ከደመደማችሁ ፈታኝ ፊት መልስ ታጣላችሁ።

ሽፋንን፣ ማለትም ከሕዝቡ ስንቱ ጥበቃ እንዳለው፣ ለማየት የዓለም ሥራ ድርጅት የማኅበራዊ ጥበቃ መረጃ ይሻላል። ብዙ አገሮችን ይይዛል፤ አጠቃቀሙም ቀላል ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በጥቅሉ የሽፋን አኃዝ ቢያንስ አንድ ዓይነት የገንዘብ ጥቅም የሚያገኝ ሰው ሁሉ «የተሸፈነ» ተብሎ ይቆጠራል፤ የሚያገኘው ለኑሮው ይበቃዋል ወይ የሚለው አይታይም። ይህችን ነጥብ በጽሑፋችሁ ማንሳት ብቻውን ጥሩ አንቀጽ ይወጣዋል።

የብዙ አገሮችን የቤተሰብ ገቢ ዳታ የያዘው የሉክሰምበርግ የገቢ ጥናት ደግሞ ለጎበዝ ነው። ጥሬ ዳታውን ማውረድ አይቻልም። የትንተና ትእዛዛችሁን (ኮዳችሁን) ጽፋችሁ ትልካላችሁ፣ ውጤቱ ይመለስላችኋል። ኤስፒኤስኤስ፣ ስታታ ወይም አር የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ቀድሞ የለመደ ሰው ይግባበት። በመመረቂያ ዓመቱ «እግረ መንገዴን እማራለሁ» ለሚል ግን አልመክርም።

ጽሑፍ ፍለጋ ላይ ብዙ አልቆይም። ጉግል ስኮላር ይበቃል፤ ዋናው ጥቅሙ አንድን ሥራ በኋላ የጠቀሱትን ሰብስቦ ማሳየቱ ነው። ለምሳሌ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ኤስፒንግ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረበውን የ«ዌልፌር» ሥርዓቶች ክፍፍል ውሰዱ፤ «ዌልፌር» ሲል በጎ አድራጎት ሳይሆን አገሮች ለዜጎቻቸው ኑሮ የሚያደርጉትን ጥበቃ ማለቱ ነው። ማን ጠቀሰው እያላችሁ ስትከተሉ፣ ሐሳቡን ወደ ታዳጊ አገሮች ያሰፉትን ተመራማሪዎች ጎፍን (Gough) እና ዉድን ታገኛላችሁ። ክፍያ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ አንፔይዎል የሚባለውን ተጨማሪ ብራውዘራችሁ ላይ ጫኑት። በሕጋዊ መንገድ በነጻ የተለቀቀ ቅጂ ካለ ያወጣላችኋል።

ዋቢ ማስተዳደሪያ፣ ማለትም ምንጮቻችሁን መዝግቦ የዋቢ ዝርዝር የሚያወጣላችሁ ሶፍትዌር፣ ላይ ግን አቋም አለኝ፤ ዞቴሮ። ነጻ ነው፣ ከዎርድም ከጉግል ዶክስም ጋር ይሠራል። ተፎካካሪው ሜንደሌይ ለፋይል ማስቀመጫ 2 ጊጋባይት ሲሰጥ ዞቴሮ በነጻ የሚሰጠው 300 ሜጋባይት ብቻ ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ገደቡ ኦንላይን ለሚቀመጡት ፒዲኤፎች ነው፤ የዋቢ ዝርዝራችሁን አይነካም። ሌላው ዋቢ ማስተዳደሪያ ኤንድኖት ጠንካራ ነው፤ ትምህርት ቤታችሁ ካልከፈለላችሁ ግን ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ብላችሁ አትግዙት።

የእኛ ዘርፍ ምንጮች ብዙዎቹ የድርጅት ሪፖርቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ የዞቴሮ ጣጣ ተጠንቀቁ። «ወርልድ ባንክ» የሚለውን አንዳንዴ የሰው ስም መስሎት ለሁለት ይከፍለዋል። ዋቢው ላይ «ባንክ፣ ደብልዩ» ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ ይህን ያየሁት ማስረከቢያው ዋዜማ፣ ሌሊት ላይ ነው። ሃያ ሰባት ቦታ በእጄ አስተካከልኩ። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ከደራሲው ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትነኩ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። ሪፖርቱን ባስገባችሁበት ደቂቃ አድርጉት።

መጠይቅ በራሳችሁ የምትሰበስቡ ከሆነ ጉግል ፎርም ለኦንላይን መልስ ይበቃል። ሰው ቤት ለቤት የምትጠይቁ ከሆነ ግን ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለው የመጠይቅ መሣሪያ ይሻላል። ኢንተርኔት በሌለበት ስልካችሁ ላይ ትሞላላችሁ፤ መስመር ስታገኙ ይላካል። ለትንተና ደግሞ ኤስፒኤስኤስ ከሌላችሁ ጃሞቪ አለላችሁ። ነጻ ነው፤ የኤስፒኤስኤስን ፋይል ይከፍታል፤ መልኩም አያስፈራም። ትልቅ አገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናት ይዛችሁ የናሙና ክብደትን (እያንዳንዱ መላሽ ስንት ሰው እንደሚወክል) ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ካለባችሁ ግን ወደ አር ወይም ስታታ ሂዱ።

ቃለ መጠይቅ ለመተንተን ኤንቪቮ የሚባለው ሶፍትዌር ስሙ ገናና ነው። ለአሥር፣ አሥራ ሁለት ሰው ቃል ግን ቀለል ያለው ታጌት ይበቃል። አረፍተ ነገሩን ታሰምሩበታላችሁ፣ መለያ ትሰጡታላችሁ፣ በኋላ በአንድ መለያ ሥር ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ታወጣላችሁ። ሰንጠረዥና ሥዕል አይሠራም። ሐሳቡን የምታወጡት እናንተ ስለሆናችሁ ብዙም አይጎድልባችሁም።

ስለ ቻትቦት ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። የከበደ አንቀጽ እንዲያብራራላችሁ ጠይቁት። ዋቢ ግን አትጠይቁት። የሌለ ጽሑፍ በእውነተኛ ተመራማሪ ስም አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል፤ ዓመቱና የመጽሔቱ ስም ሳይቀር ተሟልቶ ይመጣል። ከፍላችሁ የምታስጽፉትን ነገር ደግሞ ጨርሶ አልጠቁምም። ፈታኙ «ይህን ለምን መረጥሽ?» ሲል መልሱ ከእናንተ ነው የሚጠበቀው።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄዋን አልተወችም። ያቋረጡትን ሴቶች ራሳቸውን ለማነጋገር ወሰነች፤ አሥራ ሁለት ሴቶች። ከአማካሪዋ ጋር ተነጋግራ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማመልከቻዋን አስገብታለች። ፈቃዱ ሳይመጣ አንድም ሰው መጠየቅ ስለማትችል፣ እስከዚያው ሪፖርቶቿን ዞቴሮ ውስጥ እየከተተች ነው። ትናንት የስክሪኗን ፎቶ ላከችልኝ፤ «ወርልድ ባንክ» በአንድ ሳጥን ውስጥ ገብቷል።