መድረክ ላይ ድምፄ አይደርስም፣ እጄንም የት እንደማደርገው ጠፋኝ (5 ሳምንት ቀርቶናል)

የቸርችል ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ነኝ፣ ማታ ማታ ደሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ወጣት ማዕከል አዳራሽ ውስጥ ቴአትር እናጠናለን። ት/ቤት እያለሁ ሚኒ ሚዲያ ላይ አነብ ነበር፣ አንድ ሁለቴም ጭውውት ሰርቻለሁ፣ ከዛ ውጪ ትምህርቱ የለኝም። አሁን የ40 ደቂቃ ተውኔት ላይ ታናሽ እህት ሆኜ እንድጫወት ተሰጠኝ። በጣም ነው የምወደው፣ እንዳላበላሸው ስለፈራሁ ነው የምጠይቃችሁ።

አንደኛ ከኋላ የተቀመጡት አይሰሙኝም። አዘጋጁ «ጩሂ» ይለኛል፣ ስጮህ ደሞ የተቆጣሁ እመስላለሁ፣ ልጅቷ ግን ለስላሳ ናት፣ ከአያቷ ጋር ነው የምታወራው። ሁለተኛ እጄ። ትዕይንቱ ላይ ቡና እያፈላሁ ነው ግን ለጥናት ዕቃ ስለሌለን በባዶ እጄ ነው የምቀዳው፣ ከዛ እጄ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሦስተኛ ቤት ውስጥ ቃሉን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምለው፣ መድረክ ላይ ስወጣ ግን መሀል ላይ ድርግም ይልብኛል።

አምና ሁለት ወር ከፍዬ አንድ ቦታ ትወና ተምሬ ነበር፣ ግን ኖት ስንጽፍ ነው ያለቀው፣ አንዴም መድረክ ላይ አላቆሙንም። በናታችሁ ሰርታችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ስድስት ኪሎ፦
እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ ቴአትር ጥበባት ነው የተማርኩት። ስለ ድምፁ ብቻ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

መጀመሪያ «ጩሂ» የሚለውን ተይው። ችግርሽ ሳላይሽ እንኳን ልገምት፣ የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ነው የምትወድቂው። አማርኛ'ኮ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። «ወንድሜን ትናንት ማታ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት» በይ እስቲ። ማን እንዳየ፣ ማንን እንዳየ፣ አይቶ ይሁን ሰምቶ ይሁን ጠርቶ፣ ሁሉም ያለው «አየሁት» ውስጥ ነው። ጀማሪ ደሞ «ወንድሜን» ሲል በሙሉ ትንፋሽ ይጀምርና «አየሁት» ጋ ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል፣ ቃሉን ይውጠዋል፣ አገጩም ወደ ደረቱ ይወርዳል። ከኋላ ያለው ሰው ወንድም እንዳለሽ ሰምቷል፣ ምን እንደሆነ ግን አልሰማም። ስለዚ ድርሰትሽን አውጪና የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ቃል በእስክሪብቶ አስምሪበት። እዛ እስክትደርሺ ትንፋሽሽን ቆጥቢ፣ ረዥም ከሆነ መሀል ላይ ሳትቸኩዪ ተንፍሺ።

ትንፋሹን ለማሰልጠን ማታ ወለል ላይ በጀርባሽ ተኚና ሆድሽ ላይ መጽሐፍ አስቀምጪ። ስትስቢ መጽሐፉ ይነሳ፣ ትከሻሽና ደረትሽ አይነሱ። ከዛ በጥርስሽ መሀል «ስስስ» እያልሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፣ መጀመሪያ 15 ቁጠሪ፣ ሲለምድልሽ 20 ከዛ 25። ጉሮሮሽ ከከረከረሽ ግን እየታገልሽው ነው ማለት ነው፣ አቁሚና ውኃ ጠጪ።

ሌላ አንድ ነገር፣ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደሞ መኖር ነው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ድርሰት መጀመሪያ ስናነብ አንዷን አጥብቀን ማንበብ ያለብንን አላልተን እናነብና እንደዛው ይሸመደዳል፣ ከዛ በኋላ ማረም መከራ ነው። የሚያጠራጥርሽ ፊደል አናት ላይ ነጥብ አድርጊበት።

ለስላሳነቱ አይጠፋም፣ አትፍሪ። ለስላሳ ሰው'ኮ በሩቅ ላለ ሰው ሲያወራም ለስላሳ ነው።

ጋሽ መጋረጃ፦
ልጄ፣ እኔ ድሮ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ብዙውን ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ድርሰቱን ይዤ ቃል ለጠፋበት የማቀብለው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ሰው የት ቦታ ላይ እንደሚጠፋበት ለዓመታት አይቻለሁ። ቃል የሚጠፋው የራሱን ንግግር ብቻ ለሸመደደ ሰው ነው። አያትሽ የምትለውን ሳትሰሚ «መቼ ነው የኔ ተራ» እያልሽ ከጠበቅሽ አያትየው አንዲት ቃል የለወጠች ቀን አለቀልሽ። የሷንም ቃል አጥኚ፣ ከሁሉም በላይ ደሞ መልስሽን የሚቀሰቅሰው የቷ ቃሏ እንደሆነ እወቂ።

ስድስት ኪሎ የጻፈው ልጅ ትክክል ነው፣ ድሮም እንደዛ ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም፣ ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ሲመረቅ ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ አልነበረም፣ ተዋናዩ በገዛ ሳንባው ነው አዳራሹን የሚሞላው።

ስለ እጅሽ የምነግርሽ፣ ከነገ ጀምሮ ጀበና ይዘሽ ሂጂ። ከቤት። ባዶውን ሳይሆን ውኃ ሞልተሽ። የሞላ ጀበና ክብደት አለው፣ አንገቱን ስትይዢ አንጓሽ ይወጠራል፣ ስትቀጂ ክንድሽ ከፍ ይላል፣ ሲኒው ሊሞላ ሲል እጅሽ በራሱ ይመለሳል። ይሄን በባዶ እጅ የሚያስመስል ሰው የረዥም ዓመት ልምድ ያለው ነው። ባዶ ጀበና ይዞ የሚቀዳንም ተመልካች ወዲያው ያውቅበታል፣ እዚህ አገር ቡና ሲቀዳ ሳያይ ያደገ የለማ። የትኛው ቃል ላይ እንደምታነሺው፣ የትኛው ላይ እንደምታስቀምጪው ከወሰንሽ ደሞ እጅሽ ቃሉን ያስታውስሻል። እግርም እንደዛው ነው፣ «ሁለት እርምጃ ሄጄ እንዲህ እላለሁ» ብለሽ ካሰርሽው አይጠፋብሽም።

ሰላም ካዛንቺስ፦
እኔ የምጨምረው፣ እርስዎና አንቺ ላይ ስሪ። ከአያትሽ ጋር ነው የምታወሪው ብለሻል፣ በእርስዎ ከሆነ ሰውነትሽም እርስዎ ማለት አለበት፦ ሲኒውን በሁለት እጅ መስጠት፣ አንገት ትንሽ ሰበር ማለት፣ ዓይን ላይ ብዙ አለመቆየት። እኛ ጋ አዘጋጁ ያሰራን ነገር ነበር፣ አንዱን ንግግር መጀመሪያ ለጓደኛህ በአንተ በለው፣ ከዛ ለማታውቀው ትልቅ ሰው በእርስዎ በለው፣ ሌላ ምንም አትቀይር ይለን ነበር። ድምፁ፣ ትከሻው፣ ፍጥነቱ ሳይታወቅህ ይቀየራል። ራሺያዊው ስታኒስላቭስኪ «እኔ እዛ ቦታ ላይ ብሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር» ብለህ ጀምር የሚለው ነገር ለኔ የገባኝ ያኔ ነው።

ደሞ ደሞዝ ሲወጣ ቲኬት ቁረጪና ብሔራዊ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጪ። ከፊት ከሆንሽ ታሪኩ ይወስድሽና ሥራውን አታዪም። ከኋላ ሆነሽ የማን ቃል እንደሚደርስሽ፣ የማን እንደማይደርስሽ፣ ደሞ ማንም ሳይናገር የማን እጅ እንደታየሽ ጻፊ።

የቸርችል ልጅ፦
ስመለስ አንድ ሳምንቴ ነው፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ቃሎቹን ሁሉ አስምሬባቸው ሰራሁ፣ ከኋላ የሚቀመጠው መብራት የሚሰራው ልጅ «ዛሬ ሰማሁሽ» አለኝ፣ አዘጋጁም ጩሂ አላለኝም።

ጋሼ፣ ጀበናውን ውኃ ሞልቼ ወሰድኩ። የሆነውን ልንገርዎት። «አባዬ'ኮ ደብዳቤ ጽፎ ነበር» የምትል ንግግር አለችኝ፣ ሁሌ አንድ ላይ ነበር የምላት። ትናንት እየቀዳሁ ስለነበር «አባዬ'ኮ» አልኩና ሲኒው ሊፈስብኝ ሆነ፣ ዓይኔን ከሲኒው ማንሳት አልቻልኩም፣ እስኪሞላ ዝም አልኩ፣ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀምጬ ከዛ ነው «ደብዳቤ ጽፎ ነበር» ያልኩት። አዳራሹ ጸጥ አለ። አያት ሆና የምትጫወተው ልጅ እውነት ደንግጣ አየችኝ። አዘጋጁ አስቁሞን «ይሄ እንዳይቀየር» አለ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ ረከቦቱ የት ጋ ይሁን? አሁን በስተቀኜ ነው ያለው፣ ስቀዳ ፊቴን አዙሬ ከአያቴም ከተመልካችም እሰወራለሁ።

ጋሽ መጋረጃ፦
በርቺ ልጄ። ረከቦቱን በአንቺና በተመልካቹ መሀል አድርጊው፣ ትንሽ ወደ አያትሽ ሰያፍ ብሎ። እንደዛ ከሆነ ዝቅ ስትዪ ፊትሽ ወደ ሰዉ ነው፣ ቀና ስትዪ ወደ እሷ። ከሰሉ እውነተኛ ከሆነ ጭሱ ድምፅሽን እንዳይዘጋው ቀድሞ በደንብ የተያያዘ ይሁን፣ ከመጋረጃውም ይራቅ።

በርጩማውን ግን ተጠንቀቂ። የወጣት ማዕከል አዳራሾች ብዙዎቹ ወለላቸው ዝርግ ነው፣ ዝቅ ብለሽ ስትቀመጪ ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ጭንቅላት ነው። ነገ ሌላ ልጅ አንቺ ቦታ ላይ አስቀምጪና መጨረሻ ረድፍ ሄደሽ ተቀምጠሽ እያት። እጇና ፊቷ ካልታየሽ ከበርጩማው ሥር ሳንቃ ይግባበት፣ ረከቦቱም አብሮ ከፍ ይበል።