ዝናብ የሚያስገባ የመስታወት ግድግዳ እንዴት ይፈተሻል?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በምናስተዳድረው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በጣለ ቁጥር በአሉሚኒየምና በመስታወት የተሠራው ግድግዳ አራተኛው ፎቅ ላይ ውሃ እያስገባ ልስኑን አበላሽቶብናል። ሥራ ተቋራጩ ሲሊኮን ደጋግሞ ቢቀባም ለውጥ አላየንም። ውሃው የሚገባበትን ቦታ በእርግጠኝነት ለማወቅ ምን ዓይነት ፍተሻ ትመክሩናላችሁ?

መልስ 1፦ በቅድሚያ ሲሊኮን መደረቡን አስቁሙ፤ በአሉሚኒየሙ ግርጌ ያሉትን የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች ከደፈነ ችግሩን ያባብሰዋል። ከዚያም በውሃ ጎማ ከታች ወደ ላይ እየወጣችሁ ፈትሹ፤ ከላይ ከተጀመረ ውሃው እየወረደ ሁሉንም ስለሚያርስ የትኛው መገጣጠሚያ እንዳስገባ አይለይም። ኤ.ኤ.ኤም.ኤ. 501.2 በተባለው የአሜሪካ የመስኮትና የመስታወት ግድግዳ ፍተሻ መመሪያ መሠረት ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ 1.5 ሜትር ርዝመት ባለው መገጣጠሚያ ላይ ለ5 ደቂቃ ይረጫል፤ ውስጥ የቆመ ሰው ደግሞ ባትሪ ይዞ ይከታተላል።

መልስ 2፦ ይህ ዘዴ ለሚከፈቱ መስኮቶች አይሆንም፤ የነፋስንም ግፊት አይተካም። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኢ 1105 በተባለው የአሜሪካ ደረጃ በሚደረግ ፍተሻ ግን ከውስጥ በኩል ከታሸገ ክፍል አየር እየተሳበ፣ ከውጭ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ በደቂቃ 3.4 ሊትር ውሃ ይረጫል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ወጥተን ስናይ ሁለት የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች በሲሊኮን ተደፍነው አገኘናቸው።