ጥላ ከማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ አልወጣ አለች

ጠያቂ፦ ባለ ጥላ

ሰላም ለሁላችሁ። የአራት ዓመት ግራጫ ድመት ከእንስሳት መጠለያ ተቀብዬ ካመጣኋት ዛሬ ዐሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። ስሟን ጥላ አልኳት። ስሕተቴ ከስሙ ሳይጀምር አልቀረም፤ እስካሁን ያየሁት ጥላዋን ብቻ ነውና።

ያደገችው ከአንዲት አዛውንት ጋር ነው። እሳቸው ሲያርፉ መጠለያ ገባች፤ እዚያም ሦስት ወር ቆየች። ልጎበኛት ስሄድ ግንባሯን እጄ ላይ ታሽ ነበር። ቤት ደርሰን የጉዞ ሳጥኗን ሳሎን መሐል ስከፍትላት ግን ሆዷን ከወለሉ አጣብቃ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጀርባ ተወሸቀች። በዚያው ቀረች።

ያላደረግሁት ነገር የለም። ሩቅ እንዳትሄድ ብዬ ምግቧን፣ ውሃዋንና የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥን እዚያው ማሽኑ ሥር ደርድሬላታለሁ። የቤቱን በር ሁሉ ከፍቼ «ሁሉም ያንቺ ነው» ብያታለሁ። ማታ ማታ ወለሉ ላይ ተጋድሜ በእጅ ባትሪ እያየኋት አወራታለሁ። በሦስተኛው ቀን አቅፌ ላባብላት ብዬ እጄን ብሰድ ክንዴ ላይ አራት መስመር አሰመረችልኝ። ምግብ የምትቀምሰው ሌሊት፣ እኔ ስተኛ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ልብሴን አጥቤ፣ አስጥቼ ስመለስ መኝታ ቤቴ ምንጣፍ ላይ ሸንታ አገኘሁ።

ጠልታኝ ይሆን? ብመልሳትስ ይሻላት ይሆን? እባካችሁ «ቀስ በቀስ እንቁላል…» ብላችሁ ብቻ እንዳትጽፉልኝ። ተረቱን አውቀዋለሁ።

ጢሞ

የእኔው አልጋ ሥር ሁለት ወር ከረመ። አሁን አንገቴ ላይ ካልተጋደመ እንቅልፍ አይወስደውም። ዐሥራ አንድ ቀን ምን አላት? አትመልሳት።

የሰባቱ እናት

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ልብስ አጠብህ፤ ምንጣፉ ላይ ሽንት አገኘህ። ማሽኑ ሲሠራ እሷ የት ነበረች? ያ ማሽን ውሃውን ሊጨምቅ ሲንዘፈዘፍ እኛም ከሌላ ክፍል ሆነን እንሰማዋለን። የድመት ጆሮ ደግሞ እኛ ጨርሶ የማንሰማውን ቀጭን ድምፅ ሳይቀር ይለቅማል። መደበቂያዋ፣ ገበታዋና መጸዳጃዋ ባንድ ጊዜ ሲንቀጠቀጡባት ሸሽታ፣ ለስላሳ ነገር ያገኘችበት ቦታ ላይ ተገላገለች። እዚህ ውስጥ ጥላቻ የለም።

«ሁሉም ያንቺ ነው» ማለትህ ከደግነት ነው። ነገር ግን ሽታውን በማታውቀው ሰፊ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ጥግ ለእሷ ስጋት ነው። አንድ ክፍል ብቻ ስጣት፤ ጸጥ ያለውን መኝታ ቤትህን። እንዴት ላዛውራት ካልክ፣ አትጎትታት። ማታ ምግቧን ከክፍሉ አንድ ጥግ፣ የአሸዋውን ሳጥን ከተቃራኒው ጥግ አድርግና የሌላውን ክፍል በር ዝጋ። (አንተስ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ገበታ ቢዘረጋልህ ትበላለህ?) ርቧት ስትገባ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቀስ ብለህ ግጠመው። አልጋ ሥር እጅ የማይደርስበት ጥግ ካለ ድፈነው፤ በምትኩ ጎኑ የተቀደደ ካርቶን አኑርላት። ካርቶን ብዬ እንዳትስቅብኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አዲስ መጠለያ የገቡ 19 ድመቶችን አጥንተው፣ መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ፈጥነው እንደተረጋጉ ጽፈዋል። መደበቅ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቷ ነው።

ከመጠለያው አብሯት የመጣ ጨርቅ ካለ አትጠበው። በቤትህ ውስጥ የእሷን ጠረን የያዘ ብቸኛ ንብረቷ እሱ ነው። የተሸናበትን ምንጣፍ ግን ጠረኑን በሚበጥስ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ እጠበው፤ አሞኒያ ያለበትን ተወው፣ ሽታው ሽንት ስለሚመስላት ተመልሳ እዚያው ትሸናለች።

ለመሆኑ የእጅ ባትሪውን ማን መከረህ? ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽገህ ሳለ አንድ ግዙፍ ፍጥረት ዐይንህ ላይ መብራት ቢያበራ «ወዳጄ መጣ» ትላለህ? ጀርባህን ሰጥተህ ወለሉ ላይ ተቀመጥና የማይረባ ነገር ጮክ ብለህ አንብብላት። ድምፅህን ትልመደው፤ ዐይንህን ግን አሳርፍላት። ለአንድ ወር ያህል አሰልቺ ሰው ሁን።

ጢሞ

አንድ ልጨምር። ዐይን ለዐይን ድንገት ከተገጣጠማችሁ አታፍጥባት። ሽፋሽፍትህን ቀስ አድርገህ ጨፍነህ ክፈት። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዲህ ያደረገ እንግዳ ሰው እጁን ሲዘረጋ ድመቶች ይበልጥ እንደሚቀርቡት አሳይቷል። እኔ ጥናቱን ሳላነብ ነበር ከአልጋ ሥሩ ጌታ የተማርኩት።

ነጭ ጋዋን

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ወይዘሮዋ ስለ ማሽኑ ያሉት ያሳምነኛል። ነገር ግን ከሳጥን ውጭ መሽናት የፊኛ ሕመምም ሊሆን ይችላል፤ ጭንቀት ራሱ ፊኛን ያስቆጣል። ቶሎ ቶሎ ሳጥኑ ውስጥ እየገባች ጠብታ ብቻ ከወጣት፣ ወይም ሽንቷ ደም ከቀላቀለ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ያሳዩዋት። በወንድ ድመት ቢሆን ሽንት ጨርሶ መከልከል በሰዓታት የሚቆጠር ድንገተኛ አደጋ ነው።

ሌሊት መብላቷ ደህና ምልክት ነው። ሳህኑን ማታና ጠዋት ይመዝኑት። ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ያማክሩ፤ ድመት ለቀናት ከጾመች ስብ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። የሰው ማስታገሻ ደግሞ በፍጹም እንዳይሰጧት። አንዲት የፓራሲታሞል ክኒን ድመት ትገድላለች።

ፀሐይ መውጫ

ብቸኝነት ይሆናል እኮ። ሌላ ድመት ብታመጣላትስ?

የሰባቱ እናት

ኧረ ተይ እህቴ! የራሷን ጥግ ሳታገኝ ተፎካካሪ ልናመጣባት? ሰባት አለኝ፤ አንዳቸውም ሌላውን «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ አልተቀበለም።

ባለ ጥላ

ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ወሬውን ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

የማሽኑ ነገር እውነት ሆኖ ተገኘ። እኔ ጆሮዬን ይዤ ማረፍ ነው! ሁለት ሌሊት በሩን ከፍቼ ጠበቅሁ፤ በሦስተኛው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኝታ ቤት ገብታ ካርቶኑ ውስጥ ተጠቀለለች። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ሽንቷ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ምንጣፉም ከዚያ ወዲህ ደረቅ ነው።

«የማይረባ ነገር አንብብ» ስለተባልኩ የማጠቢያ ማሽኑን መመሪያ መረጥኩ። በየምሽቱ ጀርባዬን ለካርቶኑ ሰጥቼ አነባለሁ። ለሳምንት ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንድ ምሽት ከኋላዬ ካርቶኑ ተንኮሻኮሸ። አልዞርኩም። ሌላ ቀን ደግሞ የሹራቤን ጫፍ አሸተተች፤ ትንፋሿ በጨርቁ አልፎ ወገቤን ሞቀኝ።

ትናንት የውሃ ማጣሪያውን ስለማጽዳት የሚያወራው ገጽ ላይ ደርሼ ሳለ መጥታ ጉንጯን በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ አሻሸች፤ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ። ከዚያም ገጹ ላይ ተቀመጠችበት። ጉሮሮዋ ውስጥ ያ የሚንተከተክ ድምፅ ተነሣ። ማጣሪያውን እንዴት እንደማጸዳ እስካሁን አላውቅም።