ጎንደር ላይ የዝናብ ራዳር የሚሠራለት ሰው አለ?

ፎርማን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማራኪ አካባቢ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እያሠራሁ ነው። ሶሌታውን (የፎቁን የኮንክሪት ወለል) በዚህ ነሐሴ መሙላት ግድ ሆኗል። "መስከረም ይጥባ" ብንለው ባለቤቱ አሻፈረኝ አለ። ችግሩ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ይላል። ዊንዲ የሚባለው የአየር ሁኔታ አፕ ላይ ራዳር የሚለውን ስነካው አካባቢያችን ባዶ ነው፣ ጠብታ የለም። ከምሳ በኋላ ዶፉ ይለቀዋል። ያልጠጠረ ኮንክሪት ላይ ዶፍ ሲወርድበት ያየ ያውቀዋል፤ ሲሚንቶው ታጥቦ ጠጠሩ አፍጥጦ ይቀራል። የት ጋ ነው የሚነካው? ወይስ ለኛ አገር አይሠራም?

የአዘዞው፦
ፎርማን፣ አፑ አልዋሸህም፤ የሚያይበት ዓይን ስለሌለው ነው። ራዳር ምድር ላይ የሚተከል ማሽን ነው። ሞገድ ይልካል፣ ከዝናብ ጠብታ ተጋጭቶ የተመለሰውን ይለካል። ለአፑ መረጃ የሚያካፍል ራዳር በሌለበት ቦታ ካርታው ባዶ ይሆናል። ደረቅ ነው ማለት አይደለም።

ሳተላይት የሚለውን ክፈት። የአውሮፓዎቹ ሜቴዎሳት ሳተላይቶች በየ10 እና በየ15 ደቂቃው ፎቶ ይልካሉ። የመጨረሻውን አንድ ሁለት ሰዓት አጫውተው። የደመናው ንጣት አያስደንግጥህ። ዳሩ እንደ ጎመን አበባ ድብልብል ብሎ በየፎቶው የሚያብጥ ከሆነ ሠራተኛውን ጥራና ላስቲክ አስዘርጋ። ዳሩ ሳስቶ የተበተነው ብዙ ጊዜ ዘንቦ ያለቀለት ደመና ጫፍ ነው።

በክረምት ከላይ ያለው ንፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ ደንቢያን ትተህ በለሳና ወገራ በኩል እይ። አንዳንዱ ግን እዚያው አናትህ ላይ ይወለዳል፤ ለሱ ምንም መላ የለውም።

ፎቶው ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ከሆነ ሦስት ቀንስ፣ የኛ ሰዓት ይመጣልሃል። 12 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እኔ ይሄን እስክለምድ ፍዳዬን አይቻለሁ።

ሳምሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው ዊንዲ ላይ "ዝናብ፣ ነጎድጓድ" የሚለውን ከፍተው ራዳር አየን የሚሉ አሉ። እሱ በኮምፒዩተር የተሰላ ትንበያ ነው። የአውሮፓው ሞዴል አገሩን በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸንሽኖ ነው የሚያሰላው። ፒያሳ እየዘነበ አዘዞ ፀሐይ የሚሆንበትን ቀን ከየት አምጥቶ ይለየው? "ዛሬ ከሰዓት ያሰጋል" ለማለት ይበቃል። ሰዓቱን ግን አትመነው።

ጣና ዳር ሥራ ያላችሁ ደግሞ ሌሊቱንም ተጠንቀቁ። ሐይቁ ላይ ሌሊት መዝነብ ይወዳል።

ፎርማን፦
ተባረኩ። አሁን ከፍቼ ሳየው ወገራ በኩል አንዱ እያበጠ ነው። እኛ ጋ ገና ፀሐይ ነው። ስንት ደቂቃ አለኝ?

የአዘዞው፦
ፎቶው ራሱ ስልክህ ላይ እስኪደርስ ትንሽ ይዘገያል፣ ስለዚህ ካሰብከው ያነሰ። ነጎድጓድ ከሰማህ ብልጭታው ታይቶ ድምፁ እስኪደርስ ቁጠር። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ግን ምን አስጨነቀህ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምረህ ከምሳ በፊት ጨርስ።

ፎርማን፦
ሚክሰሩን 12 ሰዓት ላይ አስነሳለሁ። ላስቲኩም ይገዛል፣ ባለቤቱ ብር ካወጣ ማለቴ ነው።