የባሌ ተራሮች እንቁራሪቶች እየተመናመኑ ነው፤ ምርምሩ ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በባሌ ተራሮች እንቁራሪቶችና ጉርጦች ላይ ለመሥራት አስቤአለሁ። የኦስጉድ ጉርጥ የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ቢፈለግም አልተገኘም፤ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይኖሩ ሌሎች ዝርያዎችም ለመጥፋት ተቃርበዋል። ጊዜዬም ገንዘቤም ውስን ስለሆነ፣ ቅድሚያ የምሰጠው ቆዳቸውን ለሚያጠቃው ኪትሪድ ፈንገስ ነው ወይስ ለመኖሪያቸው መጎሳቆል?

መልስ 1፦
ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ በስፋት እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ስላሳየ፣ መኖር አለመኖሩን ብቻ መመርመር ብዙ አያራምድዎትም። ዋናው ጥያቄ የተያዙት እንስሳት ይሞታሉ ወይስ ተቋቁመውት ይኖራሉ የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ የእንቁራሪቷን ሆድና እግር በናሙና መውሰጃ ጥጥ መጥረግ አይበቃም፤ በየክረምቱ ወደዚያው ጅረት እየተመለሱ፣ ማታ በባትሪ፣ በአንድ ዓይነት ዘዴ መቁጠር ያስፈልጋል። ቆጠራ አድካሚ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው ባይ ነኝ።

መልስ 2፦
በቆጠራው እስማማለሁ፤ የሚቆጠርበት ቦታ አመራረጥ ግን ወሳኝ ነው። በባሌ ከሚኖሩት ዝርያዎች አንዱ የሆነው የማልኮም ጉርጥ ዕንቁላሉን የሚጥለው ውኃ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ነው፤ ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ዕጭም እዚያው ያድጋል። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ለማገዶ ሲቆረጥ ጥላው ይጠፋል፣ መሬቱም ይደርቃል፤ ከብት ሲረግጠው ደግሞ ዕንቁላሉ አብሮ ይረገጣል። ስለዚህ ከብት የሚገባባቸውንና የማይገባባቸውን ቦታዎች ጎን ለጎን ወስደው በሁለቱም የፈንገስ ናሙና ቢሰበስቡ፣ የጉዳቱን መንስኤ ለመለየት መንገድ ያገኛሉ። ታንዛኒያ ውስጥ ግድብ የፏፏቴውን ውኃ ሲቀንስበት የኪሃንሲ ጉርጥ ከዱር ጠፍቶ ነበር፤ አስቀድሞ 500 ያህሉ ወደ አሜሪካ መካነ እንስሳት ተወስደው ስለተባዙ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ስፍራው መመለስ ተችሏል። ቁጥሩ እየወረደ መሆኑ በጊዜው ካልታወቀ እንዲህ ያለ ዕድል አይኖርም።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ራሴ ፈንገሱን ከጅረት ወደ ጅረት እንዳላዛምት ምን ላድርግ?

መልስ 1፦
ለእያንዳንዷ እንቁራሪት አዲስ ጓንት ይልበሱ። ወደ ሌላ ጅረት ከመሻገርዎ በፊት የቦት ጫማዎንና የመረብዎን ጭቃ ሙልጭ አድርገው አጥበው በበረኪና ይዘፍዝፉ፤ በረኪናውን ግን ከጅረቱ ርቀው ይድፉት፣ ዕጮቹን ይገድላልና።