የሰርቪስ ሾፌርና የሐኪም ሚስጥር፦ የኮዬ ፈጬ ነዋሪዎች ክርክር

የሁለት ልጆች እናት፦ ትናንት ማታ ዶክተሩ እዚህ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የተማሪ ሰርቪስ የሚነዳ ሰው የሚጥል በሽታ እንዳለበት ሐኪሙ ካወቀ ለትምህርት ቤቱ ይንገር ወይ ስንል «ታካሚ የነገረኝ እኔ ጋር ይቀራል» አሉ። ልጆቼ በየቀኑ ቃሊቲ ድረስ ነው የሚመላለሱት። መሪ እንደያዘ ቢጥለውስ?

ዶክተሩ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ይገባኛል። ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር የሚያወጣ ሐኪምን ይቀጣል። ከቅጣቱ በላይ ደግሞ፣ ይነገርብኛል ብሎ የፈራ ሰው ለሕክምና አይመጣም። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 ከመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። ልትፈሪ የሚገባሽ ተደብቆ የሚነዳውን ነው።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ ዶክተር፣ «እኔ ጋር ይቀራል» ላሉት መልስ አልሰጡም። የጀርመኑ አየር መንገድ የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ሐኪም ሥራ እንዳይገባ የሕመም ፈቃድ ጽፎለት ነበር። ወረቀቱን ከአሠሪው ደብቆ በረረ፣ 150 ሰው አለቀ። እዚያም ሐኪሙ ጋር ቀርቶ ነበር።

ጠበቃ ነኝ፦ 399ን ያነበበ 400ንም ይግለጥ። ታካሚው በግልጽ ከፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘ መናገር አያስቀጣም።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ ፍርድ ቤት እስኪያዝ ሰርቪሱ ስንት ጊዜ ይመላለሳል?

ሾፌር፦ ሁላችሁም በእኛ ላይ ተነሣችሁ። ሐኪም ከተናገረ መንጃ ፈቃዴን እነጠቃለሁ፣ ልጆቼን ማን ያበላልኛል? ያኔ ጤና ጣቢያ የሚረግጥ ሾፌር አይኖርም። ጸበል ገብቶ ዝም ይላል። ታክሲ ተራ ላይ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭራችሁ የምታሸቱት እናንተው አይደላችሁ? ነገ ደግሞ «በሽተኛ ነው» ብላችሁ አጠገቡ አትቀመጡም።

ወለተ ማርያም፦ ጸበሉን ለምን ታነሣለህ? ስንቱ የዳነበትን!

ሲስተር፦ ይጠመቅም፣ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ ይዋጥ። ክብሪቱን ግን ተዉት። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ።

ወለተ ማርያም፦ እኔ መቼ መድኃኒት ይተው አልኩ?

የሁለት ልጆች እናት፦ እባካችሁ፣ እኔ ስለ ልጆቼ ነው የጠየቅኩት።

ዶክተሩ፦ እንግሊዝ አገር ሐኪም መጀመሪያ ታካሚው ራሱ እንዲያሳውቅ ይመክረዋል። እምቢ ብሎ መንዳቱን ከቀጠለ ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው መንገር ይፈቀድለታል። እዚህም እንዲህ ያለ ግልጽ መንገድ ቢኖር እኔም እደግፋለሁ።

የቱሉ ዲምቱ ልጅ፦ ታዲያ ትናንት ለምን «እኔ ጋር ይቀራል» አሉ?

ዶክተሩ፦ ዛሬ ባለው ሕግ ስለሚቀር።

ሾፌር፦ እንግሊዝ ሥራ ላጣ ሰው ድጎማ አለው። እኔን ማን ይደጉመኛል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ዶክተር፣ የኛን ሰርቪስ ሾፌር ያውቁታል? ነገ ልጆቼን ላሳፍር ወይስ ላስቀር?

ዶክተሩ፦ አላውቀውም እህቴ። ባውቀውም አልነግርሽም ነበር።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይህን ለእናት ይናገሯታል?

ጠበቃ ነኝ፦ ትምህርት ቤቱ ሾፌር ሲቀጥር ያስመርምር። ሾፌሩም ውጤቱ ለትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ ይፈርም። ሐኪሙም አይቀጣም፣ ወላጅም ያርፋል።

ሾፌር፦ አልፈርም ካልኩስ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጆቼን አትነዳማ!

ሾፌር፦ እንጀራዬ ተይዞብኝ የምፈርመው ታዲያ ምኑ ነው ፈቃድ?