ወጌሻ ያሰረው ክንድ እያበጠ ስለሆነ አስቸኳይ ምክር እሻለሁ

የተከበራችሁ የሕክምና ባለሙያዎች፣ የምኖረው ከሰሜን ተራሮች ሥር፣ በጃናሞራ ወረዳ ሲሆን፣ ክረምቱ መንገዱን ስለቆረጠው ታማሚ ሆስፒታል የሚደርሰው በቃሬዛ ብቻ ነው። የወንድሜ ልጅ ከገደል ወድቆ ክንዱ በመሰበሩ ወጌሻ በቀርከሃና በጨርቅ አጥብቆ አሰረው፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን ጣቶቹ አብጠው ቀዝቅዘዋል፣ ጥፍሩን ስጫነው ደሙ ቶሎ አይመለስም፣ ጣቶቹን ሳቃናለትም ይጮኻል። እንዲህ ያለ እስራት ደም አግዶ እጅ እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ ስለማውቅ ልፈታው ብነሣም ሽማግሌዎቹ (ወጌሻውን አክብረው ይመስለኛል) አጥንቱ ይዛነፋል ብለው ከለከሉኝ። አሁኑኑ ሙሉ በሙሉ ልፍታው ወይስ ላላላው? ጎህ ሲቀድ ተሸክመነው ስንወጣስ ክንዱን በምን ልደግፈው፣ ከልቡ ከፍ ላድርገው ወይስ እኩል ልያዘው? ክፍት ቁስል የለውም፤ በእጄ ያለው ፓራሲታሞልና ንጹሕ ነጠላ ብቻ ነው።